ስለ ዘገየ ይቅርታ፤ የልዑል ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ሕይወት

በጦርነት ዘመን የተፈጸመ በደል ብዙ ዓመት ካለፈው፣ ገዳዩም ሟቹም ወደ መቃብር ከወረዱ በኋላ ይቅርታ መጠየቅ ጥቅም አለውን? ይህ ጥያቄ በንስሐ አባቶችና በንስሐ ልጆች መካከል ደጋግሞ የሚነሣ ነው። አንዳንዶች ያለፈው አልፏል፤ የደረቀ ቍስል መንካት ደሙን እንደ ገና ማፍሰስ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ሳይታጠብ የደረቀ ቍስል ላዩ ቢሽር ውስጡ ያመረቅዛል ይላሉ። እኛም ነገሩን በባዶ ቃል ከምንከራከርበት በአንድ ሰው ሕይወት ልንመለከተው ወደድን። እኒህ ሰው በጎጃም ምድር ስማቸው ያልተረሳ፣ በደብረ ማርቆስ ከፍ ብለውም ዝቅ ብለውም የታዩ፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ልዑል ራስ ኃይሉ ናቸው። ይህን የምንጽፈው ሙታንን ለመክሰስ አይደለም፤ ፍርዱ የእግዚአብሔር ነው። የታላላቆች ሕይወት ግን ለሚከተለው ትውልድ መስተዋት ስለ ሆነ፣ የእኛንም ፊት እናይበት ዘንድ ከፊታችን እናቆመዋለን።

ራስ ኃይሉ የተወለዱት በ1860 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባታቸው ከመንገሣቸው አስቀድሞ ራስ አዳል ተሰማ ይባሉ ነበር። በ1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው ዘውድ በጫኑላቸው ጊዜ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። ቀድሞ መንቆረር ይባል የነበረው ከተማ በቅዱስ ማርቆስ ወንጌላዊ ስም ደብረ ማርቆስ ተብሎ የተጠራው በእኒህ ንጉሥ ዘመን ነው። በዚያው ዘመን ከግብፅ ከመጡት አራት ጳጳሳት አንዱ አቡነ ሉቃስ ለጎጃም ተመደቡ።

ልጅነታቸውና ወጣትነታቸው ግን የጦርነት ዘመን ነበረ። በግንቦት 1874 ዓ.ም. አባታቸው በእምባቦ ጦርነት ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው፣ ቆስለውና ድል ሆነው ተማረኩ። ምኒልክ ምርኮኛቸውን በክብር እንደ ያዟቸው፣ ቍስላቸውንም እንዳስጠበቁላቸው ይነገራል። ከዚያ በኋላ በጥር 1880 ዓ.ም. የጎጃም ጦር ሳር ውኃ ላይ በደርቡሾች ተሸነፈ፤ ደርቡሾችም ወደ ጎንደር ዘልቀው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ፣ ብዙ ሰውም ማርከው ሄዱ። በዚሁ ኀዘን ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከንጉሥ ምኒልክ ጋር በድብቅ መማከራቸው ስለ ተሰማ፣ ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ሠራዊታቸውን ይዘው ጎጃም ገቡና አገሩን አጠፉት። ገበሬው ያልተጠራበትን ምክር ዋጋ ከፈለ። ጎተራው ተራቈተ፣ ከብቱ ተነዳ፣ ቤቱ ተቃጠለ። በመጨረሻ ንጉሡ ታርቀው ምሕረት አገኙ፤ ለገበሬው ግን የተቃጠለውን ቤት የሠራለት፣ የተነዳውንም በሬ የመለሰለት አልነበረም።

ዐፄ ዮሐንስ በዚህ ጥፋት ኋላ እጅግ እንደ ተጸጸቱ፣ በእርሳቸው ኃጢአት ይሁን በሕዝቡ ኃጢአት ይህ ሁሉ የሆነው ለማወቅ እንደ ተቸገሩ ተጽፎአል። ጸጸቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሳይውል ሳያድር ወደ መተማ ዘመቱ፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በሃይማኖትና በአገር ጠላት ፊት ቆመው ሲዋጉ ወደቁ። ጎጃምን ለመካስ ዕድሜ አላገኙም። ኃይሉ በዚያን ጊዜ የሃያ ዓመት ያህል ወጣት ነበሩ። ያ ዘመን ለወጣቱ መስፍን ያሳየው ትምህርት ይህ ነበረ፦ ነገሥታት ይጣላሉ፣ ነገሥታትም ይታረቃሉ፤ በመካከሉ የተደቈሰው ሕዝብ ግን በእርቁ ድንኳን ውስጥ ወንበር የለውም። ይህ ትምህርት ክፉ ትምህርት ነው፤ ፍሬውንም ከዚህ በታች እናያለን።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1888 ዓ.ም. ከጎጃም ሠራዊት ጋር ዓድዋ ዘምተው አገራቸውን ካገለገሉ በኋላ፣ በጥር 1893 ዓ.ም. ዐረፉ። አገሩም ለመሳፍንቱና ለመኳንንቱ ተከፋፈለ። ኃይሉ ለጥቂት ዓመታት ከወጣ ከወረደ ኑሮ በኋላ የራስነት ማዕረግ አግኝተው የአባታቸውን አገር መግዛት ጀመሩ። ብልህ፣ ባለጸጋ፣ የዘመኑን ነገር ወዳጅ ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ ግብፅና ወደ አውሮፓ በሄዱ ጊዜ አብረው ከሄዱት መኳንንት አንዱ እርሳቸው ነበሩ። አውቶሞቢልና ንግድ የሚወዱ፣ በአዲስ አበባም ገንዘባቸውን በሥራ ያዋሉ ሰው ነበሩ። ነገር ግን ይህ ሁሉ ሀብት የሚመጣው ከጎጃም ገበሬ ነበረ። ግብሩ በየጊዜው ከበደ፤ ባላገሩም አጕረመረመ። ከጦርነቱ በፊትም ቢሆን እንግዲህ በራስ ኃይሉ ላይ የባላገር እንባ ነበረባቸው።

በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከታሰሩበት ከፍቼ ሲያመልጡ፣ ራስ ኃይሉ በዚህ ነገር ረድተዋል ተብለው ተከሰሱ። የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሞቱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡላቸው። ሀብታቸው ተወረሰ፣ የጎጃምም ግዛት ለልዑል ራስ እምሩ ተሰጠ። ከአባታቸው የወረሱት አገር ከእጃቸው ወጣ። አራት ዓመት ያህልም በእስር ቤት ኖሩ። ይህን የምናነሣው በኋላ ያደረጉትን ለማቅለል አይደለም። ሰው በበደል ውስጥ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ተበድያለሁ በሚልበት ሰዓት መሆኑን እንድናስተውል ነው። ቂም ያለበት ልብ ጠላት ሲያንኳኳ በሩን ቶሎ ይከፍታል።

ጠላትም አንኳኳ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ሲሄዱ ራስ ኃይሉ ከእስራት ነጻ ሆኑ፤ ብዙ ሳይቈዩም ለኢጣልያኖች ገቡ። የኢጣልያ ሹማምንት የተከበረ ስም ያለው ሰው ይፈልጉ ነበርና በደስታ ተቀበሏቸው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ሰማዕቱ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። እንግዲህ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ክረምት፣ አንዱ አባት ሕዝቡን ለጠላት እንዳይገዛ ገዝቶ ሞተ፤ ሌላው ታላቅ ሰው ደግሞ በጠላት ጥላ ሥር ማረፍን መረጠ።

ከሁሉ የከበደው ነገር የፍቼው ነው። የልዑል ራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራ ካሣና ደጃዝማች አስፋ ወሰን ካሣ በሰላሌ ከጠላት ጋር ይዋጉ ነበር። ታላቅ ወንድማቸው ደጃዝማች ወንድ ወሰን በላስታ በኩል ተይዞ ተገድሎ ነበር። የኢጣልያ ጦር ፍቼን በከበበ ጊዜ፣ ወንድማማቾቹ እጃቸውን ቢሰጡ ሕይወታቸው እንደሚጠበቅ የተነገራቸው በራስ ኃይሉ አማላጅነት ነበረ። አምነው ገቡ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በዚያው በፍቼ ተገደሉ፤ ራሳቸውም ተቈርጦ ለሕዝብ ታየ። የገደሉት ኢጣልያኖች ናቸው፤ ቃሉን ተሸክመው የሄዱት ግን ራስ ኃይሉ ነበሩ። በአገራችን ልማድ ሽማግሌ የተናገረበት ቃል ሲፈርስ፣ ካፈረሰው ሰው ጋር ሽማግሌውም ይጠየቃል። ስሙን ዋስ አድርጎ ሰጥቶ ነበርና።

ከዚያ ወዲያ ያለው ዘመን የደም ዘመን ሆነ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝቡ ተፈጀ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ምእመናን ተረሸኑ። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮማ በላከው ቴሌግራም የሟቾቹን ቍጥር 449 አድርጎ አስታውቆ ነበር፤ በኋላ የተደረገው ምርመራ ግን ከዚያ እጅግ እንደሚበልጥ አሳይቶአል። በጎጃምም በ1930 ዓ.ም. አገሩ በሙሉ ተነሣ። በላይ ዘለቀ በብቸና በኩል፣ መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ ኃይሉ በለው በየበኩላቸው ተዋጉ። ከእነዚህ መካከል ነጋሽ በዛብህና ኃይሉ በለው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጆች፣ ለራስ ኃይሉም የወንድም ልጆች ነበሩ። አንድ ቤት ለሁለት ተከፈለ፤ አጎት በአዲስ አበባ በጠላት ቀለብ ሲኖር የወንድም ልጆች በጫካ ጥሬ ቈረጠሙ።

ስለ ቤተ ክርስቲያናችንም እውነቱን መሰወር አይገባንም። በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ፣ የጎጃም ጳጳስ የነበሩት አቡነ አብርሃም፣ ከአቡነ ጴጥሮስ ጋር በአንድ ጊዜ ተቀብተው ሳለ መንገዳቸው ተለየ። ኢጣልያኖች በ1930 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያኒቱ አለቃ አደረጓቸው፤ የእስክንድርያ ሲኖዶስም እርሳቸውንና እርሳቸው የሾሟቸውን አወገዘ። አቡነ አብርሃም በጠላት ዘመን ዐረፉ፤ በእርሳቸው እጅ የተሾሙት ግን ከነጻነት በኋላ ውግዘቱ ተፈትቶላቸው ከማኅበሩ ጋር ታረቁ። ይህን ልብ እንበል። ቤተ ክርስቲያን ጦርነቱ አልፏልና ነገሩ ይረሳ ብላ ዝም አላለችም። ጥፋቱን ጥፋት ብላ ሰየመች፣ ከዚያ በኋላ ፈታች። ሳይታሰር የሚፈታ ነገር የለም።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል የኢትዮጵያን ምድር ረገጡ። ኢጣልያኖች በጭንቀታቸው ራስ ኃይሉን ከአዲስ አበባ አምጥተው በደብረ ማርቆስ አስቀመጧቸው፤ በስማቸው የጎጃም ሕዝብ ከአርበኞች ይለያል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ሕዝቡ ግን አልተለየም። በመጋቢት መጨረሻ የኢጣልያ ጦር ከተማውን ለራስ ኃይሉ ትቶ ወደ ዓባይ ወረደ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ራስ ኃይሉም በአባታቸው ከተማ ቀርበው እጅ ነሱ፣ ተገዙም። ንጉሠ ነገሥቱ አልገደሏቸውም፣ አላሰሯቸውም። ወደ አዲስ አበባም ይዘዋቸው ሄዱ። ሚያዝያ 27 ቀን ዋና ከተማው ሲገቡ ሕዝቡ በክፉ ፈንታ ክፉ እንዳይመልስ ማዘዛቸው ይታወቃልና፣ ለባዕድ የታዘዘው ምሕረት ለገዛ አገር ሰው መከልከሉ ባልተገባ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄያችን ደረስን። ያ የደብረ ማርቆስ ቀን ምን ቀን ነበረ? የመገዛት ቀን መሆኑ ግልጽ ነው። መገዛትና ይቅርታ መጠየቅ ግን አንድ አይደሉም። በ1870 ዓ.ም. በልቼ ንጉሥ ምኒልክ በአንገታቸው ድንጋይ ተሸክመው ከዐፄ ዮሐንስ ፊት ቀርበው ነበር። ያ ሥርዓት በሁለት ባለ ሥልጣኖች መካከል ማን በላይ ማን በታች እንደ ሆነ ይወስናል። ስለ ፈሰሰው ደምና ስለ ተነጠቀው ንብረት ግን ምንም አይናገርም። ራስ ኃይሉም በዚያን ቀን የነበረባቸው ዕዳ አንድ ብቻ አልነበረም፤ ሦስት ነበረ። የመጀመሪያው ለዘውዱ የነበረባቸው ዕዳ ነው፤ ይህን ዘውዱ ተወላቸው። ሁለተኛው የፍቼው ደም ነው፤ ይህ የራስ ካሣ ቤት ዕዳ እንጂ የዘውዱ አልነበረም። ሦስተኛው የጎጃም ባላገር ዕዳ ነው፤ ቀድሞ በግብር የከበደበት፣ ኋላም ልጁን በጫካ የቀበረ ሰው ዕዳ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ዕዳ ማን ተጠየቀ? በ1881 ዓ.ም. ወጣቱ ኃይሉ ያዩት ነገር በ1933 ዓ.ም. በእርሳቸው በራሳቸው ተደገመ። ታላላቆች ታረቁ፤ ባላገሩ ከእርቁ ድንኳን ውጭ ቆመ።

ልዑል ራስ ካሣ ከስደት የተመለሱት ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በዚያው በጎጃም መንገድ ነበረ። ሦስት ልጆች በአንድ ወር ውስጥ ያጡ አባት ነበሩ፤ ጸሎተኛነታቸውም በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነበረ። እንዲህ ያለ አባት በልቡ ይቅር ቢል ጽድቁ የራሱ ነው። ስለ እርሱ ሆኖ ይቅር የሚል ግን ሌላ ሰው ሊኖር አይችልም፤ ንጉሥም ቢሆን። ንጉሥ ቅጣትን ሊያስቀር ይችላል፤ የልጅ ደም ግን የሚለቀቀው በወላጅ አፍ ነው። በጎጃም የደም እርቅ ሥርዓት ሽማግሎችና ካህናት የሟችን ወገን ሳያስቀምጡ ደም ለማድረቅ የማይነሡት ስለዚህ ነው።

ራስ ኃይሉ ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ በቍጥጥር ሥር ሆነው፣ ግን በክብር ኖሩ። በ1940ዎቹ መጀመሪያም በእርጅና ዐረፉ። ለንስሐ አባታቸው ምን እንደ ተናዘዙ የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው፤ እኛም በዚህ ነገር አፋችንን እንይዛለን። በአደባባይ የታየውን ግን ሕዝቡ ከሌላው ጋር ያስተያየው ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ለጠላት ያልተገዙት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ሸፍተዋል ተብለው ተፈርዶባቸው በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀሉ። ለጠላት የገቡት በአልጋቸው ላይ ሞቱ። የሁለቱ ነገር በሕግ ፊት ልዩ ልዩ ምክንያት እንዳለው እናውቃለን፤ የባላገሩን ኀዘን ግን ምክንያት አያስወግደውም። ምሕረት ያለ ኑዛዜ ለባለ ስም ሰው ሲሰጥ፣ ፍርድ ደግሞ በደከመው አርበኛ ላይ ሲጠና፣ ሕዝቡ ምሕረትን ራሱን መጠራጠር ይጀምራል። ያልተነገረ ጥፋት የሚያስከትለው ሁለተኛ ጥፋት ይህ ነው።

እንግዲህ የዘገየ ይቅርታ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም? የማይጠቅም ነው የሚሉት ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ። ሦስቱንም በትዕግሥት እንመልከት።

የመጀመሪያው፣ የተበደሉት ሞተዋል፣ ይቅርታውን የሚሰማ የለም የሚል ነው። እኛ ኦርቶዶክሳውያን ግን ይህን ለማለት አንችልም። ለሞቱት ፍትሐት እናደርሳለን፤ በአርባ፣ በሰማንያ፣ በዓመቱ፣ በሰባት ዓመቱ ተዝካር እናወጣለን። ስማቸውን በቅዳሴ እንጠራለን። ጸሎታችን ለሙታን አልዘገየም ብለን ካመንን፣ ኑዛዜያችን ስለ እነርሱ ዘግይቶአል ለማለት በምን አፋችን እንደፍራለን? ሙታን ከእግዚአብሔር ፊት አልጠፉም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለው የአባቶች ምሳሌ ከመቃብር ወዲያም ይሠራል።

ሁለተኛው፣ ሰውየው ይቅርታ የጠየቀው ኃይል ስለ ተገለበጠ ነው፣ ልቡ አልተመለሰም የሚል ነው። ይህ ጠንካራ ክርክር ነው፤ በራስ ኃይሉ ላይም የተነገረ ነው። ነገር ግን በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ የተመለሰው በመጨረሻው ሰዓት፣ መሸሻ ባጣበት ጊዜ ነበረ። መዘግየቱ አልከለከለውም። ያዳነው ምን ነበረ ብለን ብንመረምር፣ የደረሰበት ቅጣት ስለ ሥራው የተገባ መሆኑን በሰው ሁሉ ፊት መመስከሩን እናገኛለን። እንግዲህ የይቅርታ ፈተናው ሰዓቱ አይደለም። ጥፋቱን በስሙ መጥራቱ ነው። በጊዜው የመጣ ይቅርታ እንኳ ጥፋቱን ካልጠራ ባዶ ነው፤ የዘገየው ግን ከጠራው ሕያው ነው።

ሦስተኛው፣ ልጆች ስለ አባቶች ጥፋት አይጠየቁም የሚል ነው። ልጅ በአባቱ ኃጢአት አይኰነንም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ርስትን የሚወርስ ዕዳንም ይወርሳል። ሳኦል የገባዖን ሰዎችን አባቶች በእግዚአብሔር ስም የማሉላቸውን መሐላ አፍርሶ ገደላቸው። ሳኦል ሞተ፤ ነገሩ ግን አልሞተም፤ በዳዊት ዘመን ሦስት ዓመት ረኃብ ሆኖ ተመለሰ። በኋላ የተደረገው በቀል ለእኛ አርአያ የሚሆን አይደለም። ከዚህ የምንወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በመሐላ ላይ የፈሰሰ ደም በገዳዩ ሞት አይደርቅም። ሁለተኛ፣ ዳዊት በደሉን ራሱ ባይሠራም ወደ ተበደሉት ሄዶ ምን ባደርግ ትፈወሳላችሁ ብሎ መጠየቁ ነው። የፍቼውም ነገር የመሐላ ደም ነበረና፣ ይህን ታሪክ ስናነብ ልባችን ይነካል።

ደግሞም ያዕቆብን እናስብ። ወንድሙን ኤሳውን ካታለለ በኋላ ሃያ ዓመት በባዕድ አገር ተቀመጠ። በተመለሰ ጊዜ ባዶ እጁን አልመጣም፤ መንጋ እየለየ በፊቱ ላከ፣ ሰባት ጊዜም ወደ ምድር ሰገደ። ኤሳው ሮጦ አቀፈው። ሃያ ዓመት ያን እቅፍ አላረከሰውም። ዘኬዎስም የቀማውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል የገባው ሀብታም ከሆነ በኋላ ነው። ጸጸት፣ ኑዛዜና ቀኖና አባቶች ያስተማሩን የንስሐ ሥርዓት ናቸው፤ ቀኖናውም የተነጠቀውን መመለስ የሚቻል ከሆነ መመለስን ይጨምራል።

ይህ ለአንድ ሰው የተነገረው ለመንግሥታትም ይሆናል። ኢጣልያ በየካቲት 1939 ዓ.ም. በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንድትከፍል ተወስኖ ነበር፤ በ1948 ዓ.ም. ግን ከዚያ ባነሰ ገንዘብ ነገሩ ተዘጋ፣ ከዚሁም የቆቃ ግድብ ተሠራ። ገንዘቡ ሲከፈል ኑዛዜው ገና ነበረ። በጦርነቱ የመርዝ ጋዝ መጣሉን የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ስድሳ ዓመት አለፈው። በኅዳር 1990 ዓ.ም. የኢጣልያ ፕሬዚዳንት ስካልፋሮ አዲስ አበባ መጥተው የአገራቸውን በደል አመኑ። የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ቆመ። ያን ጊዜ እንባ ያፈሰሱ ሽማግሎች ነበሩ፤ ለእነርሱ አልዘገየም ነበር። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ግን ከሮማ አቅራቢያ በአፊሌ ለግራዚያኒ የመታሰቢያ ሕንፃ ተመረቀ። እነሆ፣ ይቅርታው በዘገየበት ቦታ ሁሉ ለገዳዩ ክብር የሚሠራ ሌላ ትውልድ ይነሣል። ኑዛዜ የሚጠቅመው ለተበደለው ብቻ ሳይሆን ለበዳዩም ልጆች ነው፤ የአባታቸውን ጥፋት ሳያውቁ ያደጉ ልጆች ሊያወድሱት ይችላሉና።

እኛስ? በገዛ አገራችን ከዚያ ወዲህ ወንድም ወንድሙን የገደለባቸው ዘመናት ብዙ ናቸው። በጎጃምም በትግራይም በወሎም በሌላውም አገር የቅርብ ጊዜው ጦርነት ያቈሰለው ቤት ገና ጥቍር አልጣለም። እነዚህ ቍስሎች ነገ የሚመሰክሩብን ወይም የሚመሰክሩልን ዛሬ በምናደርገው ነው። ታላላቆች ታርቀው ባላገሩ እንደ ገና ከድንኳኑ ውጭ እንዳይቆም የሚጠብቅ ካህን ያስፈልጋል።

ስለዚህ አባቶች ካህናት ሆይ፣ በጦርነት ዘመን ክፉ የሠራ ሰው አርጅቶም ቢሆን ወደ እናንተ ሲመጣ፣ ዘገየህ ብላችሁ አትመልሱት። ነገር ግን ሦስት ነገር ጠይቁት። ጥፋቱን በስሙ ይጥራ፤ ጊዜው ክፉ ነበረ፣ ሁሉም ያደርገው ነበረ በሚል መጋረጃ አይሸፍነው። የተበደለው ሰው ወይም ወገኑ በሕይወት ካለ ወደ እርሱ ይሂድ፤ በሽማግሌ ፊት ይቀመጥ። ከወሰደው የሚመለስ ነገር ካለ ይመልስ። የተበደለውንም ወገን ይቅር በል ብላችሁ አታስቸኵሉት፤ ያዘነ ሰው ጊዜ ይፈልጋል፣ ይቅርታም በግዴታ ሲወጣ ከአፍ አያልፍም። ምእመናንም ሆይ፣ ከአያቶቻችሁ የወረሳችሁት መሬት ወይም ስም ባልተነገረ ደም የተነካ መሆኑን ካወቃችሁ ዝምታን እንደ ትሕትና አትቍጠሩት። ዕዳው በእናንተ ዘመን ሊከፈል የሚችል ከሆነ ለልጆቻችሁ አታስተላልፉት።

ራስ ኃይሉ በደብረ ማርቆስ አንድ ጊዜ ሰገዱ፤ ያም ስግደት ሕይወታቸውን አተረፈላቸው። በፍቼም በመቃብሩ አጠገብ፣ በብቸናም በባላገሩ ደጃፍ እንዲሁ ተሰግዶ ቢሆን ኖሮ፣ የጎጃም ሰው ታሪካቸውን ዛሬ በሌላ ድምፅ በተናገረው ነበር። ያ ስግደት ለእርሳቸው አለፈ፤ ለእኛ ግን ገና በእጃችን ነው። ቸርነቱ የማያልቅ አምላክ ለሙታን ዕረፍተ ነፍስን፣ ለሕያዋንም የሚናዘዝ አንደበትን ይስጠን። ለዘላለሙ አሜን።